መውረድ ውርደት አይደለም

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1884 ዓመት፥ በአገራችን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፥ ቶማስ ስቲቨንስ የተባለ አንድ ሰው ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ምሥራቅ ዳርቻዋ ድረስ ብቻውን በብስክሌት ሊሄድ ቈረጠ። የተነሣባት ከተማ ሳን ፍራንሲስኮ ናት፤ ሊደርስባት ያሰባትም ከተማ ቦስተን ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ለብዙ ወራት በበረዶ የሚሸፈን ተራራ አለ፤ ውኃ የሌለበት ምድረ በዳ አለ፤ ታላላቅ ወንዞችም አሉ። ይህን አገር ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት ያቋረጠ ሰው እስከዚያ ጊዜ ድረስ አልነበረም።

ስቲቨንስ በ1854 ዓመት በእንግሊዝ አገር በርክሃምስቴድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ መጣና በዚያ እየሠራ ይኖር ነበር። ባለጠጋ አልነበረም፤ ስሙም በሰው ዘንድ የታወቀ አልነበረም። ብስክሌት መንዳትንም የተማረው ከመነሣቱ ጥቂት ጊዜ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ፥ «እንዲህ ላለ ሰው እንዲህ ያለ መንገድ እንዴት ይሆንለታል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። የጥያቄውን መልስ ለማግኘት ግን የመንገዱን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደረገውን ማየት ይበቃል።

አስቀድሞ ብስክሌቱ ምን ዓይነት እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል። ልጆች ሆይ፥ ዛሬ በመንገድ የምታዩት ብስክሌት ሁለቱ መንኰራኵሮቹ እኩል ናቸው፤ ኋለኛውንም መንኰራኵር የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። የስቲቨንስ ብስክሌት ግን እንዲህ አልነበረም። የፊተኛው መንኰራኵር እጅግ ትልቅ ሲሆን ከመሬት እስከ አናቱ 127 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበረ፤ የኋለኛው ግን ትንሽ ነበረ። ኮርቻው ከታላቁ መንኰራኵር በላይ ስለ ተሠራ፥ ነጂው የሚቀመጠው በፈረስ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ከፍ ብሎ ነው። ሰንሰለት አልነበረውም፤ እግር የሚረግጠው ፔዳል የተተከለው በራሱ በፊተኛው መንኰራኵር እምብርት ላይ ነበረ። ስለዚህ እግር አንድ ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ብስክሌቱም 4 ሜትር ያህል ይሄዳል። መንኰራኵሩን እንዲህ ያስተለቁትም በአንድ ዙር ብዙ መንገድ እንዲሄድ ነው። ጎማውም ድፍን ነበረ፤ በአየር የሚነፋው የደንሎፕ ጎማ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1888 ዓመት ነውና። በዚህ ምክንያት በመንገዱ ላይ ያለው ጠጠርና ጕድጓድ ሁሉ እስከ ነጂው አጥንት ድረስ ይሰማ ነበር።

ይህ ብስክሌት በለሰለሰ መንገድ ላይ ፈጣንና ያማረ ነው፤ በክፉ መንገድ ላይ ግን አደገኛ ነው። የፊተኛው መንኰራኵር ድንጋይ አግኝቶት ድንገት የቆመ እንደ ሆነ፥ የኋለኛው ከመሬት ይነሣል፤ ነጂውም ከዚያ ከፍታ በመሪው ላይ አልፎ በራሱ ይተከላል። በዚያ ዘመን በዚህ ዓይነት ወድቀው የተሰበሩ ብዙዎች ናቸው። ለመውጣትም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ነጂው ብስክሌቱን እየገፋ ይሮጣል፤ ከኋላ ባለች ትንሽ መርገጫ ላይ እግሩን ያኖራል፤ ከዚያም ተስፈንጥሮ ወደ ኮርቻው ይወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የወጣ ሰው ቶሎ መውረድ አይወድም፤ ወርዶ እንደ ገና መውጣት ድካም ነውና። ከፍ ብሎ መቀመጥም ደስ ያሰኛል፤ የሚያየው ሁሉ ያደንቀዋልና።

ስቲቨንስ የያዘው ስንቅና ዕቃ እጅግ ጥቂት ነበረ። በመሪው ላይ ባሰራት ከረጢት ውስጥ ካልሲ፥ አንድ ትርፍ ሸሚዝ፥ አንድ የዝናብ ልብስና አንድ ትንሽ ሽጉጥ ብቻ ነበሩ። የዝናቡ ልብስ ቀን ልብሱ፥ ሌሊት ድንኳኑና መኝታው ነበር። አሽከር አልነበረውም፤ የጭነት ከብትም አልነበረውም። የሚበላውን በየደረሰበት ሊገዛ፥ ወይም ሰዎች በቸርነታቸው ሲሰጡት ሊቀበል ነው የተነሣው። ብዙ ዕቃ የያዘ ሰው በዕቃው ይመካል፤ ጥቂት የያዘ ግን በመንገድ የሚያገኛቸውን ሰዎች ማክበር ይማራል።

በኤፕሪል 22 ቀን 1884 ከጧቱ በ2 ሰዓት ጉዞው ተጀመረ። ሳን ፍራንሲስኮ በባሕር ወሽመጥ ዳር ያለች ከተማ ናት። ዛሬ በወሽመጡ ላይ የሚታየው ረጅም ድልድይ የተከፈተው በ1936 ዓመት ስለ ሆነ፥ ስቲቨንስ በዚያ ጧት ወደ ማዶ ወደ ኦክላንድ የተሻገረው በመርከብ ነው። ከዚያ ወርዶ ብስክሌቱን ወጣና ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለሰ።

በዚያ አገር በኤፕሪል ወር የዝናቡ ጊዜ ገና ማለፉ ነው፤ በተራሮቹም ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ወደ ሜዳ ይወርዳል። ስለዚህ የሳክራሜንቶ ወንዝ የሚያጠጣው ቈላ በብዙ ስፍራ ጭቃና ረግረግ ይሆናል። የመኪና መንገድ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ የነበረው ፈረሶችና ሠረገሎች የረገጡት የአፈር መንገድ ነው። በዚህ ዓይነት ጭቃ ውስጥ ቀጭን መንኰራኵር ይሰጥማል። እንግዲህ ነጂው ምን ያደርጋል? ከብስክሌቱ ይወርዳል፤ ጫማውን በጭቃ ውስጥ ይነክራል፤ መሪውን ይዞ ይገፋል።

መንገዱ ጨርሶ በውኃ በተዘጋ ጊዜ ስቲቨንስ ወደ ምድር ባቡሩ ሐዲድ ይወጣ ነበር። የምዕራብንና የምሥራቅን አገር የሚያገናኘው ሐዲድ ተሠርቶ ያለቀው በ1869 ዓመት ነበረና፥ በምድረ በዳው ሁሉ ውስጥ የታወቀ መሪ እርሱ ነበር። ነገር ግን በሐዲዱ መካከል እንጨቶች ተጋድመው ተደርድረዋል። በእነዚህ እንጨቶች ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው አጥንቱ ይናጋል። ስለዚህ በዚያም ቢሆን የሚበዛው በእግር እየሄዱ ብስክሌቱን መግፋት ነበር።

ከዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ይህ ሰው ከቤቱ የወጣው «አገሪቱን በብስክሌት አቋርጣለሁ» ብሎ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ግን ብዙ ጊዜ በእግሩ ሲሄድ፥ ብስክሌቱንም እንደ ታመመ በቅሎ ሲስብ ይታይ ነበር። በመንገድ ያገኘው ሰው ሊሥቅበት ይችል ነበር። «ብስክሌትህ አንተን መሸከም ሲገባው አንተ እርሱን ትገፋለህን?» ቢሉት መልስ አልነበረውም። በልቡ ትዕቢት ያለበት ሰው ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱን ባደረገ ነበር። ወይም በኀፍረት ወደ ኋላ በተመለሰ፤ ወይም ላለመውረድ ሲል በድንጋይና በጭቃ ላይ በግድ ሲነዳ ወድቆ በተሰበረ ነበር። ያን ጊዜ ከሐኪም ርቆ በምድረ በዳ የተሰበረ ሰው ደግሞ የሞቱን ደጃፍ አንኳኳ ማለት ነው። ስቲቨንስ ከሁለቱ አንዱንም አላደረገም። መንገዱ ሲያምር ወጣ፤ ሲከፋ ወረደ፤ እንደ ገናም ሲያምር ወጣ።

አንድ ቀን የባቡር ድልድይ ሲሻገር ባቡር መጣበት። ድልድዩ በእንጨት የተሠራ፥ ለባቡር ብቻ የሚሆን ጠባብ ድልድይ ነበረ፤ ለእግረኛ መጠጊያ አልነበረውም። ወደ ፊት ሮጦ ለማምለጥ፥ ወደ ኋላም ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ከሐዲዱ ፈቀቅ ብሎ፥ ከድልድዩ ጐን ብቅ ባለ እንጨት ጫፍ ላይ ተጠጋ፤ ብስክሌቱንም ከድልድዩ ውጭ በባዶው አየር ላይ አንጠልጥሎ እንደ ያዘ፥ ባቡሩ እየነጐደ እስኪያልፍ ድረስ ጸንቶ ቈየ። ብስክሌቱን ቢለቀው ለእርሱ በቀለለው ነበር። ነገር ግን በሜዳ የተሸከመውን ብስክሌት እርሱ ደግሞ በጭንቅ ስፍራ ተሸከመው። ሰውና የሥራ መሣሪያው፥ ወዳጅና ወዳጅም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን በየተራ ካልተሸከመው አብረው አይደርሱም።

ከሳክራሜንቶ ከተማ በኋላ መሬቱ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ሲየራ ኔቫዳ ከሚባለው ታላቅ ተራራ ይደርሳል። ትርጓሜው በእስፓኝ ቋንቋ በረዶ የለበሰ የተራራ ሰንሰለት ማለት ነው። የባቡሩ ሐዲድ የሚሻገርበት ዶነር የሚባለው በር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። አዲስ አበባ ከዚህ ይልቅ ከፍ ያለች ናት፤ ነገር ግን አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች እንደዚያ ያለ በረዶ አይወርድባትም። በሲየራ ኔቫዳ ግን በረዶው እንደ ተነደፈ ጥጥ እየሆነ ሌሊትና ቀን ይወርዳል፤ በዶነር አካባቢ በአንድ ክረምት የሚወርደው ቢደመር ከ10 ሜትር የሚበልጥበት ዓመት ብዙ ነው። በኤፕሪል መጨረሻም ቢሆን በከፍታው ላይ ገና አይቀልጥም።

ባቡሩ በዚህ በረዶ እንዳይቀበር የሐዲዱ ሠሪዎች ጥበብ ፈጠሩ። በተራራው ላይ ሐዲዱን በወፍራም እንጨት ቤት ሠርተው ሸፈኑት። ይህ የእንጨት ዳስ እዚህም እዚያም እየተቀጣጠለ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ነበር። ከውጭ ያለው መንገድ በበረዶ ስለ ተዘጋ ስቲቨንስ ተራራውን ያለፈው በዚህ ዳስ ውስጥ ነው። በውስጡ እንደ ዋሻ ጨለማ ነው፤ የባቡሩም ጢስ ቶሎ ስለማይወጣ ዓይን ያቃጥላል፥ ትንፋሽም ያሳጥራል። ባቡር ሲመጣ መንገደኛው ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ያሳልፈዋል። በዚህ ስፍራ ብስክሌት መንዳት የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ ስቲቨንስ ያን ታላቅ ተራራ የተሻገረው በእግሩ ነው ማለት ይቻላል።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ዳስና ይህን ሐዲድ የሠሩት እነማን እንደ ሆኑ ማወቅ መልካም ነው። በተራራው በኩል ያለውን ሥራ ከሠሩት ውስጥ የሚበዙት ከቻይና አገር የመጡ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ነበሩ። አለቱን በመዶሻና በባሩድ እየሰነጠቁ፥ በክረምትም ከበረዶ በታች ዋሻ እየማሱ መንገዱን አወጡ። ከእነርሱም ብዙዎች በሥራው ላይ ሞቱ። ስቲቨንስ ብቻውን ሄደ ይባላል፤ እውነትም ጓደኛ አልነበረውም። ነገር ግን በጨለማው ዳስ ውስጥ ከበረዶ የሸሸገው የእነዚያ ሰዎች ድካም ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ ሰው ሁሉ ከእርሱ በፊት በደከሙት ሰዎች ላይ ተደግፎ እንደሚሄድ መርሳት አይገባውም። መጽሐፍ የሚያነብ ልጅም ብቻውን ቢያነብ፥ ፊደሉን የቀረጹት፥ ብራናውን የፋቁትና ያስተማሩት አባቶች ከእርሱ ጋር ናቸው።

ከተራራው ማዶ ያለው አገር ኔቫዳ ይባላል። በዚያ ዝናብ ጥቂት ነው፤ ምድሩም አሸዋና ጨው የበዛበት ነው። በዚያ የሚፈሰው ሃምቦልት የሚባለው ወንዝ ወደ ባሕር አይደርስም፤ እንደ አገራችን እንደ አዋሽ በምድረ በዳ ውስጥ ይቀራል። አዋሽ በአፋር በረሓ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚያልቅ፥ ሃምቦልትም በጨዋማ ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። ከዚህ ረግረግ በስተምዕራብ ያለው ስፍራ የ40 ማይል ምድረ በዳ ይባላል፤ በኪሎ ሜትር ቢቈጠር 64 ያህል ነው። ባቡር ሳይሠራ በሠረገላ ወደ ምዕራብ ይሄዱ የነበሩ ሰዎች ይህን ስፍራ እጅግ ይፈሩት ነበር። የሚጠጣ ውኃ ስለሌለበት በሬዎቻቸውና ፈረሶቻቸው በመንገዱ ላይ ይወድቁ ነበርና። አሸዋው ብስክሌትን እንደ ጭቃ ይውጣል፤ የደረቀው የጨው ሜዳ ግን እንደ ተጠረገ ወለል ይመቻል። እዚህም ቢሆን ትምህርቱ ያው ነው፤ በአሸዋው መውረድ፥ በጨዉ ሜዳ መውጣት ነው።

በእንዲህ ያለው ምድረ በዳ ውስጥ ስቲቨንስ የሚበላውና የሚያድረው ከየት ነበር? በሐዲዱ ዳር በየርቀቱ ሐዲዱን የሚጠብቁና የሚያድሱ ሠራተኞች ቤቶች ነበሩ። ብዙ ጊዜ ምግብ ያገኘው በእነዚህ ቤቶች ነው። በሌለበት ስፍራ ግን የዝናብ ልብሱን ተከናንቦ በሜዳ ያድር ነበር። ከፍ ባለው ኮርቻ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ ሰው ከበሩ ወርዶ ሰላምታ ሳይሰጥ እንጀራ አያገኝም። ስለዚህ መውረድ ለመንገድ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ያስፈልጋል። በአገራችንም ከበቅሎው ሳይወርድ ደጅ ላይ ቆሞ ውኃ የሚጠይቅ መንገደኛ ባለጌ ይባላል፤ ወርዶ «እንደምን ዋላችሁ» የሚል ግን እንደ ቤተ ዘመድ ይቀበሉታል።

ሰዎች ስቲቨንስን በየደረሰበት እየከበቡ ብስክሌቱን ነድቶ እንዲያሳያቸው ይለምኑት ነበር። በዚያ አገር ከከተማ ርቀው ከሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ ብስክሌት አይተው አያውቁም ነበርና። የሚያደንቁት የተቀመጠበትን ከፍታና ፍጥነቱን ነው። ወደ ቦስተን ያደረሰው ግን እነርሱ ያላዩት ሥራ ነው፤ ይኸውም ማንም በሌለበት በጭቃ፥ በጢስና በአሸዋ ውስጥ ወርዶ የገፋው መግፋት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ስቲቨንስ በኦገስት 4 ቀን 1884 ቦስተን ደረሰ። የሄደው መንገድ 3,700 ማይል ያህል ሲሆን፥ በኪሎ ሜትር ወደ 6,000 የሚጠጋ ነው። የፈጀበት ጊዜ 103 ቀን ተኩል ነው፤ ከዚያም ውስጥ 83 ቀን ተኩሉን ሲሄድ ዋለ፥ 20ውን ቀን በዝናብና በሌላም ምክንያት ቆመ። ከመንገዱ ሁሉ ከሢሶው የሚበልጠውን በእግሩ ሄደ። የ6,000 ሢሶ 2,000 ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የነበረው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። እንግዲህ ይህ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ የሄደው መንገድ ከዚያ ሐዲድ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል ማለት ነው። ሆኖም ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አሜሪካን በብስክሌት ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው ብሎ ነው። በእግሩ ስለ ሄደ ክብሩን የነሣው የለም።

ከዚህም በኋላ አላረፈም። በ1885 ዓመት ከእንግሊዝ አገር ከሊቨርፑል ከተማ ተነሥቶ በአውሮፓና በቱርክ አገር አልፎ ወደ ፋርስ ደረሰ። በ1886 ዓመት ወደ አፍጋኒስታን በገባ ጊዜ ግን የአገሩ ሹማምንት ይዘው ወደ ፋርስ መለሱት። ይህ ከመውረድ ይልቅ የሚከብድ ነው፤ የሄዱትን መንገድ መልሶ መሄድ ነውና። ስቲቨንስ ተመለሰ፤ በሌላም መንገድ ዞረ፤ በመርከብ ሆኖ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሕንድ ደረሰ፤ በዚያም ብስክሌቱን እንደ ገና ወጣ። ሕንድንና ቻይናን አልፎ በዲሴምበር 17 ቀን 1886 በጃፓን አገር ዮኮሃማ ከተማ ጉዞውን ፈጸመ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በካሊፎርኒያ ጭቃ ውስጥ መውረድን ያልተማረ ቢሆን ኖሮ፥ በአፍጋኒስታን ድንበር ላይ መመለስን እንዴት በቻለ ነበር?

ይህ ነገር ለብስክሌት ነጂ ብቻ የተነገረ አይደለም። ወደ ዓባይ በረሓ የሚወርድ መንገደኛ ቍልቍለቱ ሲበረታበት ከበቅሎው ወርዶ ልጓሙን ይዞ ይሄዳል። ይህን የሚያደርግ ሰው በቅሎ አልባ ነው አይባልም፤ ዐዋቂ መንገደኛ ይባላል። በቅሎዋን ያሳርፋል፥ አንገቱንም ያድናል። ላለመውረድ የሚከራከር ግን በቅሎውንም ራሱንም ወደ ገደል ይሰዳል።

በትምህርትም እንዲሁ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ፊደል ከቈጠረ በኋላ በግእዝ ንባብ ያልፋል፥ በውርድ ንባብ ያልፋል፥ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይደርሳል። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ የሚያነበውን ልጅ ፈጥኖ የሚያነበው ጓደኛው ሊሥቅበት ይችላል። አንዳንድ ልጅ ይህን ሣቅ ፈርቶ፥ ያላወቀውን ቃል በልቡ ገምቶ ይዘልለዋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎም ያነበበ ይመስላል። እርሱ በድንጋይ ላይ በግድ የሚነዳ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ከፍ ካለው ስፍራ ላይ ይወድቃል። መምህሩ መጽሐፉን ገልጦ ያልተጠና ገጽ በሰጠው ጊዜ አፉ ይያዛል። ከባድ ቃል ሲያገኝ ግን ከፍጥነቱ ወርዶ፥ ፊደሉን አንድ በአንድ ቈጥሮ፥ እንደ ገና ተመልሶ የሚያነብ ልጅ ጠንካራ መንገደኛ ነው። ዛሬ የቈጠረው ቃል ነገ ሜዳ ይሆንለታል።

በቤትም ሥራ እንዲሁ ነው። ታላቅ ወንድም ከታናሹ የማያውቀውን ቢጠይቅ፥ ተማሪው ልጅ ወላጁን በእርሻና በከብት ጥበቃ ቢያግዝ፥ የበደለ ሰው «ይቅር በለኝ» ቢል፥ እነዚህ ሁሉ መውረድ ናቸው። ሞኝ ውርደት ይላቸዋል፤ ብልህ ግን መንገድ ይላቸዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ወራጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰነፍም ይወርዳል፤ ወርዶ ግን በጥላ ሥር ይቀመጣል፤ «መንገዱ ክፉ ነው» እያለም ቀኑ ይመሽበታል። ትጉህ ሰው ሲወርድ እጁ ከመሪው አይለይም፤ እየገፋ ይሄዳል፤ ዓይኑም መልካሙን መንገድ ይፈልጋል፤ ባገኘውም ጊዜ ሳይዘገይ ይወጣል። በዚያ ሢሶ መንገድ ስቲቨንስ በእግሩ ሲሄድ ብስክሌቱን ጥሎ አልሄደም። ብስክሌቱን ቢጥለው ኖሮ እግረኛ በሆነ ነበር፤ ስላልጣለው ግን በጭቃ ውስጥም ሳለ ብስክሌት ነጂ ነበረ።

ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ረጅም ሥራ በጀመራችሁ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቢከብዷችሁ አትደንግጡ። የምትችሉትን በፍጥነት ሥሩ፤ ያቃታችሁን ወርዳችሁ ግፉ፤ የማታውቁትን ጠይቁ፤ የያዛችሁትን አትልቀቁ። ለመውረድ የማያፍርና ለመውጣት የማይታክት ሰው ካሰበበት ይደርሳል።